ንግድ ፈቃዱን ከምረቃ በፊት አውጡ

ሐዋሳ ውስጥ በግሌ የግራፊክ ዲዛይን ሥራ እሠራለሁ። የተማርኩት ኮምፒውተር ሳይንስ ቢሆንም እንጀራ የሆነኝን ሙያ ያገኘሁት ዶርም ውስጥ ነው። ፎቶሾፕና ኢሉስትሬተር ከኢንተርኔት ተማርኩ፤ ለክበባት ፖስተር፣ ለሠርግ የጥሪ ካርድ ሠራሁ። ይህን ሁሉም ስለሚያልፍበት አላረዝመውም።

በግቢ ቆይታዬ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ በነፃ ያዘጋጀሁት የባቻችን፣ ማለትም አብረን የተመረቅን ተማሪዎች፣ የምረቃ መጽሔት ነበር። ተመራቂዎቹ የመጨረሻ ቃላቸውን ግማሹ ያለ ራሱ ፎንት በማይነበበው የአማርኛ መጻፊያ በፓወር ግዕዝ፣ ግማሹ በተለመደው በዩኒኮድ ጽፈው ስለላኩልኝ፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ለእናት የተጻፈ ምስጋና የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይከፈት ነበር። ጽሑፍን ከመላክ በፊት ከርቭ ማድረግ (ፎንት ወደማይፈልግ ቅርጽ መቀየር) እንደሚገባ፣ መሃሉ ላይ በሽቦ የሚሰፋ መጽሔት የገጹ ብዛት ለ4 መካፈል እንዳለበት፣ ለመቁረጫም በየጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ እንደሚተው የተረዳሁት ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ ማተሚያ ቤት ባለሙያ አጠገብ ቆሜ ነው። ዛሬ ካሉኝ ደንበኞች አብዛኞቹ ያኔ ፎቷቸውን ያስተካከልኩላቸው ልጆች ናቸው። ስለዚህ «በነፃ አትሥሩ» የሚለውን ምክር እንዳለ አልቀበለውም። ለባቻችሁ በነፃ ሥሩ፤ ለመምህርና ለቢሮ ግን አትሥሩ፤ ባቻችሁ ነገ ደንበኛ ሆኖ ይመጣል፣ ቢሮው ግን የሚመለሰው ሌላ የነፃ ሥራ ይዞ ነው።

ማንም ያላስጠነቀቀኝ ነገር የመጣው ከተመረቅኩ በኋላ ነው። በባቼ አማካይነት አንድ መሥሪያ ቤት ዓመታዊ ሪፖርቱን እንዳዘጋጅለት ሰጠኝ፤ ሥራውን በጊዜው አስረከብኩ። ፋይናንስ ክፍሉ ግን ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ጠየቀኝ። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት በዚያን ጊዜ ሁለቱን ካቀረበ ሰው ክፍያ ላይ የሚቀነሰው ግብር 2 በመቶ ሲሆን፣ ካላቀረበ ሰው ላይ ግን 30 በመቶ ነበር። እንቅልፍ አጥቼ ከሠራሁት ገንዘብ አንድ ሦስተኛ ሊሆን ጥቂት የቀረውን መተው ስላልዋጠልኝ ወረቀቱን ለማውጣት ወሰንኩ።

ለመለያ ቁጥሩ አሻራ ሰጥቼ ጨረስኩ። ንግድ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ግን የቤት ኪራይ ውል አምጪ አለኝ። ሥራዬ አንድ ላፕቶፕ እንደሆነና የምሠራውም አቶቴ ሰፈር በተከራየሁት ክፍል አልጋዬ ላይ እንደሆነ ባስረዳም፣ ሠራተኛው ቀና ሳይል «እህቴ፣ ያለ ቤት ነጋዴ የለም» ብሎ መለሰልኝ። አከራዬ እትዬ ደግሞ የኪራይ ግብር ይመጣብኛል ብለው ውል አንፈርምም አሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ አልፈርድባቸውም። ሌላ ቢሮ ስሄድ ተደራጅታችሁ ኑ፣ ተመራቂ በማኅበር ሲሆን ይቀለዋል ተባልኩ። ከዚያ በኋላ ያለው «ሲስተም የለም»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ሰኞ ተመለሺ» ነው። በመጨረሻ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት የጠረጴዛ ያህል ጥግ በውል ተከራይቼ ፈቃዱን ባገኝም፣ ቁጭ ብዬ የማልሠራበትን ቦታ እስከ ዛሬ እከፍልበታለሁ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰኔ 30 አለፈና የበጀት ዓመቱ ተዘጋ፤ ሥራው ባለፈው በጀት ስለታዘዘ እንደገና ይጸድቅ ተብሎ ክፍያዬ ሌላ ወራት ቆየ። ያንን እንደገና ይጸድቅ ያለኝን ባለሥልጣን ዛሬም መንገድ ላይ ሳየው ደሜ ይፈላል።

ስለዚህ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሆናችሁ የምታነቡ ሁሉ፣ ገና ምግብና መኝታ በግቢ ሳለ መለያ ቁጥሩንና ፈቃዱን አውጡ፤ የሰኞ ቀጠሮ ያኔ አያስርባችሁም። የኪራይ ውሉን ከባቻችሁ መካከል ሱቅ ካለው ቤተሰብ ጋር ጨርሱት። ተደራጁ የሚለውን ምክር አትስሙ፤ ንድፍ የአንድ ሰው ሥራ ስለሆነ አራት ሰው ሲቀመጥ አንድ ሰው ይሠራል፣ ገንዘቡ ግን ለአምስት ይካፈላል። ከግል ደንበኛ ደግሞ ቀብድ ሳትቀበሉ ፋይል አትክፈቱ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ቢተው ግን እጥፉን ይመልሳል፤ ስለዚህ በጊዜው እንደምታደርሱት እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን ሥራ ቀብዱን አትንኩት።