ጉድጓዱ ከታገደ በኋላ

የአክስቴ ልጅ አሶሳ አካባቢ ወርቅ መቆፈር ከጀመረ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ክረምት ላይ ደወለና «ወንድም ጋሼ፣ አገዱን» አለኝ። አጠገባቸው ያለ ጉድጓድ ተደርምሶ ሰው ሞቷል። ከዚያ ተቆጣጣሪዎች መጡ፣ ቦታው ተዘግቷል ብለው ሄዱ።

በሳምንቱ ቆፋሪዎቹ ተመለሱ፤ ማታ ማታ፣ በእጅ ባትሪ። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ቀን ሲሠሩ አንድ ሰው ከላይ ቆሞ ግድግዳውን ያይላቸው ነበር፣ ስንጥቅ ካየ ጮሆ ያስወጣቸዋል። በጨለማ ማን ያያል?

ደንብ መኖሩን አልቃወምም። ናዳ እንዴት እንደሚመጣ የገባው ሰው ደንብ አያስፈልግም አይልም። የወጣው አፈር እዚያው የጉድጓዱ አፍ ላይ ይከመራል፤ አርቆ መጣል ጉልበትም ጊዜም ይፈጃላ። ዝናብ ሲጠጣ ይከብድና ግድግዳውን ይጫነዋል። ከታች ደግሞ ወርቅ ያለበትን አፈር ተከትለው ወደ ጎን ይቦረቡራሉ፣ ከላያቸው ያለውን የሚደግፍ እንጨት ግን የለም። በ2016 ዓ.ም. ወሎ ደላንታ ላይ ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ ሊያወጡ የገቡ ልጆች ዋሻው ተደርምሶባቸው የተቀበሩ ጊዜ አገር ምድሩ ደንግጦ ነበር።

አፈሩን ማራቅ፣ ግድግዳውን ደረጃ ደረጃ አድርጎ መቁረጥ፣ እንጨት ማቆም፣ ዝናብ በዘነበ ማግስት አለመግባት። ይሄን ለማስተማር ትልቅ በጀት አይጠይቅም። በየሳምንቱ ጉድጓዱ ድረስ የሚመጣና ቆፋሪዎቹ የሚያምኑት ባለሙያ ግን ይጠይቃል። ሰው ሲሞት ብቻ ለሚመጣ ተቆጣጣሪ ማን ስንጥቁን ያሳያል? ይደብቁታል እንጂ።

ደግሞም መዝጋት ብቻውን የትም አያደርስም። በ2017 በጀት ዓመት ወርቅ ከቡና የበለጠ የውጭ ምንዛሪ አስገብቷል፣ ለብሔራዊ ባንክ ከቀረበው ወርቅ አብዛኛው የእነዚህ ባህላዊ አምራቾች ነው። ወርቃቸውን በግራም መዝኖ የሚረከብ መንግሥት የሚወርዱበትን ጉድጓድም ሊያውቀው ይገባል። ፈቃድ የሚሰጠው ክልሉ ነው። ፈቃዱን ሲሰጥ ባለሙያውንም አብሮ ይላክ።

ልጁን ተው ብዬ ለምኜዋለሁ። የእናቱ መድኃኒት የሚገዛው በዚያ ገንዘብ ስለሆነ አልጨቀጨቅኩትም። «እንግዲያው ቢያንስ አፈሩን ከአፉ አርቁት» አልኩት።

ትናንት ፎቶ ላከልኝ። ሁለት እርምጃ ያህል አርቀውታል። ፎቶው ግን የተነሳው በባትሪ ብርሃን ነው።