ጢያ፣ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ

ጥንታዊ የመቃብር ትክል ድንጋዮች የቆሙባት ጢያ ለአዲስ አበባ ሰው ቅርብ ናት። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ያውም በአስፋልት። ግን «አንድ ቀን እንሄዳለን» እየተባለ ዓመት ያልፋል። ጓደኞቼን ያሳመንኳቸው በድንጋዩ አይደለም፣ በክትፎው ነው። ለዚህም ነው ቅዳሜን የመረጥነው። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፣ እሁድ ደግሞ ቤተሰብ አይለቅም።

ነዳጅ ዓርብ ማታ ሞላን። ጠዋት ሰልፍ ከያዛችሁ ጉዞው እዚያው አለቀ በሉት። ከዚያ በቡታጅራ መስመር ለሚመላለስ አንድ ሹፌር ደወልንና «ጋሼ፣ መንገዱ እንዴት ነው?» አልነው። ዛሬ ዛሬ ከከተማ የሚወጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፣ መልሱ ደግሞ ያለው በየቀኑ እዚያው ከሚውለው ሰው ጋ ነው። ስልክ ላይ ሲጎረጉር ያመሸ የሦስት ወር ወሬ ነው የሚያገኘው። ጥሬ ብርም ያዙ፤ ኔትወርክ እንደልብ የለም።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወጣን። ዓለም ገናን ከባድ መኪናዎቹ ሳይከመሩ ካለፋችሁ ቀኑ የእናንተ ነው። ብዙ ሰው በዚህ መስመር የሚጎበኘው በመንገዱ ቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ የጥንት ሰው መሣሪያና ዱካ የተገኘበት መልካ ቁንጥሬ፣ ቀጥሎ ከአለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያም፣ መጨረሻ ላይ ጢያ። እኛ ገለበጥነው። አዋሽን ተሻግረን ሁለቱንም ጥለናቸው በቀጥታ ጢያ ገባን። ምክንያቱ ፀሐይ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጢያ ድንጋዮች ላይ ያለው ቅርጽ ከፍ ብሎ የወጣው በትንሹ ነው፣ ድንጋዩም ዘመን አጥቦታል፣ ሽበት ወርሶታል። ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት ስትሆን ዝም ያለ ግራጫ ድንጋይ ነው የምታዩት። ብዙ ሰው «ይሄ ነው እንዴ?» ብሎ ፎቶ ተነሥቶ በሩብ ሰዓት የሚመለሰው ለዚህ ይመስለኛል። ጠዋት ግን ብርሃኑ በጎን ይመጣል። አንዱ ድንጋይ ፊት ቆሜ መጀመሪያ ያየሁት አንድ ጎራዴ ነበር፤ ትንሽ ወደ ግራ ስል ከጎኑ ሌላ ብቅ አለ፣ ቀጥሎ ሌላ፣ እጀታቸውና ስለታቸው በጥላ ተለይቶ። ከጎራዴዎቹ በታች ክብ አለ፣ እንደ ኤክስ የተጣመረ ምልክት አለ፣ የእንሰት ቅጠል ነው የሚሉትም ቅርንጫፍ ነገር አለ። ጡት የተቀረጸባቸውም አሉ፣ የሴት መቃብር ናቸው ይባላል። ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ያው ድንጋይ ላይ ግማሹ ጎራዴ ጠፍቶ ነበር።

ድንጋዮቹ 36 ናቸው፣ ቅርጽ ያላቸው 32። በ1980 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቧቸዋል። አስጎብኚው የአካባቢው ልጅ ነው፣ የጎራዴው ቁጥር ሟቹ የገደላቸው ጠላቶች ቁጥር ነው አለን። አገሬው «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል። የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች ከሥራቸው ሲቆፍሩ ግን ጉልበታቸው ታጥፎ የተቀበሩ ሰዎች ነው ያገኙት፣ አብዛኞቹ ወጣቶች፤ ዘመኑም ከ12ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ግራኝ አህመድ የ16ኛው ሰው ነው። እሱ ሳይወለድ ቆመው ነበር ማለት ነው። ይህን ለአስጎብኚው ስነግረው ሳቀና «ወንድሜ፣ አያቴን ሂድና አሳምናት» አለኝ። አስጎብኚ ያዙ፣ ግን የለመደውን ሲጨርስ አትሂዱ። እውነተኛው ጨዋታ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ጢያ ላይ ከሁለት ሰዓት በታች አትመድቡ። ስትወጡ ሕፃናቱ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ይከተሏችኋል፣ ባዶ የውኃ ፕላስቲኮቻችሁን አትጣሉ።

ከጢያ ትንሽ ወረድ ብሎ ቡኢ አለ። የጉራጌ አገር ድረስ ሄዶ ክትፎ ሳይበሉ መመለስ ነውር ነው። ለብ ለብ፣ ከቆጮና ከአይብ ጋር። ስለ እሱ ብዙ አልልም፣ ከበላን በኋላ ለሩብ ሰዓት ያህል ማንም አላወራም።

ከሰዓት አዳዲ ማርያም። ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ጥርጊያ ነው፣ የእኛ ቪትዝ ሆዷ ሁለቴ ድንጋይ ሳመ። ክረምት ላይ በቪትዝ አትሞክሩት። ቤተክርስቲያኑ ከመሬት ወደ ታች ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የወጣ ነው፣ ንጉሥ ላሊበላ ነው ያነጸው ይባላል። ደጁ እስክትደርሱ አይታይም። ጫማ ማውለቅ አለ፣ ለሴቶች ነጠላ ያስፈልጋል፣ ውስጡ ጨለማ ስለሆነ ባትሪ ይዛችሁ አባን አስፈቅዱ። በወሩ 21 ከሄዳችሁ ሕዝቡ ብዙ ነው፤ ለመሳለም ጥሩ ነው፣ ለማየት ግን አይመችም።

መልካ ቁንጥሬን ለመጨረሻ ያስቀረነው የሚታየው ነገር ብርሃን ስለማይመርጥ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. ቦታውን ያገኘው ሄራርድ ዴከር የሚባል ሆላንዳዊ የውኃ ባለሙያ ነው። ጎጆ በሚመስሉት ቤቶች ውስጥ ከባልጩት የተሠሩ መሣሪያዎች ተደርድረዋል። እኔን የያዘኝ ግን እዚያው ጎምቦሬ የሚባለው ቦታ ላይ ያለው ቁፋሮ ነው፦ አጥንቱም ድንጋዩም ሳይነሣ፣ ጣሪያ ለብሶ በተገኘበት ተትቷል። እዚሁ አካባቢ 700 ሺህ ዓመት የሞላው የሕፃናት ዱካም ተገኝቷል። በ2024 እ.ኤ.አ. መልካ ቁንጥሬም የዓለም ቅርስ ሆኗል፣ ጎብኚው ግን ገና ጭር ያለ ነው። እኛ ስንገባ ከጥበቃው በቀር ሰው አልነበረም።

ሦስቱን በአንድ ቀን ማድረስ ይቻላል፣ ግን ሕፃናት ወይም አዛውንት ካሉ አዳዲን ለሌላ ጊዜ አድርጉት፤ ጥርጊያው ያደክማል። ከመልካ ቁንጥሬ ከ10 ሰዓት በፊት ውጡ። እኛ 11 ሰዓት ላይ ነው የተነሣነው፣ ዓለም ገና ላይ መኪናው ተከምሮ ጠበቀን፣ ቤት የገባነው ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው።