የፋ ዴት ድንጋዮች

ታይላንድ ውስጥ ካለችው ከካላሲን ከተማ ተነስተን የሩዝ ማሳ ግራና ቀኙን በያዘው መንገድ ወደ ካማላሳይ ወረዳ ስንጓዝ፣ ከፊታችን ጥንታዊ ከተማ እንዳለ የሚያሳብቅ ምንም ነገር አልነበረም። ፋ ዴት ሶንግ ያንግ እንግዳ የምትቀበለው በማማ ወይም በቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ሳይሆን ከተማዋን በሚዞረው የውኃ ቦይ ነው። ቦዩ የተቆፈረው በሁለት የአፈር ግድቦች መካከል ነው። ዛሬም መንደርተኛው በዚሁ ቅጥር ውስጥ ቤት ሠርቶ ይኖራል፤ ያርሳል፤ ይጸልያል።

ይህች የሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ ከተማ ድቫራቫቲ በሚባለው ጥንታዊ የታይላንድ ሥልጣኔ ዘመን፣ ከ7ኛው እስከ 11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ታላቅ የቡድሂስቶች መናኸሪያ ነበረች። ሰው የሰፈረባት ግን ከዚያ ቀድሞ፣ በብረት ዘመን ነው። ከመቅደሶቿ አብዛኞቹ ዛሬ የጡብ መሠረት ብቻ ሆነው ቀርተዋል። ጎልቶ የቆመው ፕራ ታት ያኩ የተባለው ስቱፓ፣ ማለትም የቡድሂስቶች የአምልኮ ሐውልት ነው፤ ታችኛው ክፍሉ የድቫራቫቲ፣ ላዩ ግን በኋለኞቹ ዘመናት የተጨመረ ነው። ገበሬዎቹ በየዓመቱ በግንቦት ወር እዚህ ተሰብስበው ዝናብ ለመለመን ሮኬት ወደ ሰማይ ይተኩሳሉ።

እኔን የማረኩኝ ግን ሴማዎቹ ናቸው። ሴማ ማለት የተቀደሰውን መሬት ከሌላው የሚለይ፣ ቅጠል መሰል የአሸዋ ድንጋይ ነው፤ መነኮሳት ሥርዓተ ምንኵስና የሚፈጽሙት በእነዚህ ድንጋዮች ክልል ውስጥ ነው። በሌላ አገር የሴማ ድንጋይ ብዙውን ጊዜ ልሙጥ ነው። የዚህ አገር ጠራቢዎች ግን የቡድሃን ሕይወትና ጃታካ የሚባሉትን የቀደሙ ልደቶቹን ታሪክ ቀረጹበት። በዋት ፖ ቻይ ሰማራም ግቢ ተሰብስበው የቆሙትን አንድ በአንድ እያየሁ ከሰዓት በኋላዬን ጨረስሁ፤ ዝናብና ፀሐይ ፊታቸውን ያጠፋባቸውን ሳይ አንጀቴ ተላወሰ።

ከሁሉም የሚበልጠው ሴማ ወደ ኮን ኬን ብሔራዊ ሙዚየም ተወስዷል። በላዩ እንደተቀረጸው፣ ቡድሃ ወደ አባቱ ከተማ ሲመለስ፣ ትቷት የሄደው ሚስቱ ተንበርክካ በጸጉሯ እግሩን ታከብራለች፤ ከሥር የከተማ ቅጥርና በር ተቀርጿል። የሉቃስን ወንጌል እየሰማ ላደገ ሰው ይህን አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ከባድ ነው። ድንጋዩ በጣራ ሥር መጠበቁ ተገቢ ነው እላለሁ፤ ሆኖም ሙዚየሙን ብቻ አይቶ የሚመለስ ሰው ብዙ ይቀርበታል። ቅጥሩንና በሩን የቀረጸው ሰው የኖረባትን ምድር ለማወቅ፣ አስቀድሞ ፋ ዴት ሄዶ ቦዩን በእግር መዞር ያስፈልጋል።