ማንም ያልደመረው ሠንጠረዥ

ጎንደር ውስጥ በአንድ የሕክምና ትምህርት ክፍል ሳስተምር፣ ለደረጃ ዕድገት የታተመ የምርምር ጽሑፍ ያስፈልገኝ ነበር። ከመተማና ከሁመራ እርሻዎች በካላዛር ታመው የሚመጡ የቀን ሠራተኞችን የሕክምና ታሪክ ለማጥናት ሁለት ክረምት ካርድ ክፍል ተቀምጬ መዝገብ ሳገላብጥ ከረምኩ። ካላዛር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ጣፊያን የሚያሳብጥና ካልታከመ የሚገድል በሽታ ነው፤ ኤችአይቪ አብሮ ካለ ደግሞ ከሕክምና በኋላም ደጋግሞ ያገረሻል።

ጽሑፉን የላክሁት በኢሜይል ለጋበዘኝ የምርምር መጽሔት (ጆርናል) ነበር። በአራተኛው ቀን «ተቀብለናል» የሚል መልስ መጣ። ጽሑፉን ከመታተሙ በፊት የሚመረምረው የገምጋሚ አስተያየት ተብሎ የተያያዘው ሁለት መስመር ሲሆን፣ እንግሊዝኛው ይታረም ከማለት በቀር ስለ ሥራው አንዳች አይልም። የማሳተሚያው ክፍያ በዶላር ስለነበር አሜሪካ ያለችው እህቴ በካርዷ ከፈለችልኝ። ሊያጠራጥረኝ ይገባ የነበረውን ፍጥነት እንደ መልካም አገልግሎት ቆጠርሁት።

የታተመውን ለክፍላችን አንጋፋ ሐኪም ወስጄ ሳሳያቸው፣ ማጠቃለያውን አልፈው ከሁለተኛው ሠንጠረዥ ጀመሩ። በእስክሪብቶ ቁጥሮቹን እየነኩ ወደ ታች ደመሩና፣ «ኤችአይቪ ያለባቸውና የሌለባቸው ሲደመሩ ከጠቅላላው ሕሙማን በዘጠኝ ይበልጣሉ። እነዚህ ዘጠኙ እነማን ናቸው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ማታ መዝገቤን ሳመሳክር፣ ዘጠኙ በሽታው አገርሽቶባቸው የተመለሱና አዲስ ካርድ የወጣላቸው ሰዎች ሆነው አገኘኋቸው፤ ጠቅላላውን በሰው፣ የኤችአይቪውን ረድፍ ደግሞ በካርድ ቆጥሬ ኖሯል። አገረሸባቸው መባል የነበረባቸውን አዲስ ታማሚ አድርጌ ስለመዘገብሁ፣ የማገርሸቱ መጠን ከእውነቱ አንሶ ታትሟል። ያንን ቁጥር አምኖ መድኃኒት የሚመርጥ ሐኪም ሊኖር እንደሚችል ሳስብ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግሥቱ፣ «ዶክተር፣ ጽሑፉን ከኅትመት ልሳበው» አልኋቸው። ለጆርናሉ ብጽፍ ለመሳቢያ ሌላ ክፍያ ጠየቀኝ፤ የላክሁት የእርማት ደብዳቤም እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም። ሐኪሙ ግን አልተቆጡኝም። አጠገባቸው አስቀምጠው የጆርናሉን ገጽ አብረን ከፈትን። የሕክምና ምርምር ጽሑፎች በሚፈለጉበት የኢንተርኔት ማውጫ፣ በፐብሜድ፣ ተመዝግበናል ይላል፤ ፈልገን አጣነው። በጉልህ የተጻፈው አይኤስኤስኤን የኅትመቱ መለያ ቁጥር ነው እንጂ ስለ ጥራቱ አይመሰክርም። ኢምፓክት ፋክተር (የአንድ ጆርናል ጽሑፎች በአማካይ ምን ያህል እንደሚጠቀሱ የሚያሳይ ቁጥር) ብሎ የለጠፈውም፣ መለኪያውን የሚያሰላው ክላሪቬት የተባለ ድርጅት በየዓመቱ ከሚያወጣው ዝርዝር ውስጥ የለም። ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን የዶላሩ ነገር ነው፦ ኢትዮጵያ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አገሮች የምርምር ጽሑፎችን በነጻ ወይም በቅናሽ በሚያቀርበው በሪሰርች ፎር ላይፍ ፕሮግራም ዝርዝር ከመጀመሪያው ምድብ ስላለች፣ ብዙ የታወቁ አሳታሚዎች ለእኛ የማሳተሚያውን ክፍያ ሙሉ በሙሉ ይተዉታል።

«ሊቦ ከምከምን አስብ» አሉኝ። በ1997 ዓ.ም. በዚያ ወረዳ ሕዝቡ በትኩሳት ሲያልቅ፣ ካላዛር ይኖራል ብሎ የጠበቀ ስላልነበረ መጀመሪያ ወባ ነው ተብሎ ነበር። «የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር ጆርናሉን እ.ኤ.አ. በ1962 የጀመረው፣ እዚህ ያየነውን እዚያ ያለው ሐኪም እንዲያውቀው ነው። ገምጋሚ ማለት ከሕመምተኛው በፊት ስሕተትህን የሚያገኝልህ ሰው ነው።»

አንድ ጊዜ የታተመን ሥራ እንደ አዲስ መላክ ስለማይፈቀድ፣ ተጨማሪ ዓመታት ያሉበትን መረጃ ሰብስቤ፣ እያንዳንዱን ሕመምተኛ በስሙ፣ በዕድሜውና በመጣበት ቀበሌ እያመሳከርሁ ከሥር ጀመርሁ። የፊተኛውን ኅትመትና ስሕተቱን በመሸኛ ደብዳቤው ገልጬ ለአንድ የሙያ ማኅበር ጆርናል ላክሁ። ከአምስት ወር በኋላ ሦስት ገጽ የገምጋሚዎች አስተያየት ደረሰኝ። የመጀመሪያው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «በሽታው አገርሽቶባቸው የተመለሱት ሕሙማን የተቆጠሩት እንዴት ነው?»