አላስካ በመርከብ፦ መርከቧን ተዉትና ካርታውን እዩ

ሲያትል የምንኖር ሰዎች ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ግዙፍ ነጫጭ መርከቦችን ማየት ለምደናል። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ኡበር የሚነዱ ልጆች ከኤርፖርት ወደ ፒር 91 ሻንጣ ሲያመላልሱ ይውላሉ። ሌላውን ሰው ወደብ እናደርሳለን እንጂ ራሳችን የምንሳፈር ብዙ አይደለንም። ዘንድሮ ግን እህቴ ከቨርጂኒያ ደወለችና «እማዬን ይዘናት አላስካ እንሂድ» አለች። በዚያው ተጀመረ።

መጀመሪያ የተጣላነው በመርከብ ምርጫ ነው። እህቴ የላከችልኝ ሁሉ የመዋኛ ገንዳ፣ የውሃ መንሸራተቻና የዳንስ አዳራሽ ፎቶ ነው። እሺ፣ ያምራል። ግን ሰሜን ድረስ የሚኬደው ገንዳ ለመዋኘት አይደለም። የአላስካ ጉዞ ስትመርጡ መጀመሪያ የምታዩት መርከቧ በየት በኩል እንደምታልፍ፣ የት እንደምትቆምና የትኛው የበረዶ ግግር ዘንድ እንደምትደርስ ነው፤ ገንዳውና ቲያትሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ለምሳሌ ግሌሸር ቤይ። ይህ ብሔራዊ ፓርክ በቀን ከሁለት በላይ ትልልቅ የክሩዝ መርከቦችን አያስገባም። ስለዚህ አላስካ የሚሄድ ሁሉ እዚያ ይገባል ማለት አይደለም። አንዳንዱ ሀባርድ የሚባለው ግግር ዘንድ ይሄዳል፣ ሌላው ኤንዲኮት አርም የሚባል ጠባብ የባሕር ወሽመጥ ይገባል። እነሱም ቆንጆ ናቸው፣ ግን የምትከፍሉበትን ስሙን ጠርታችሁ እወቁት። የደወልንላት የጉዞ ወኪል «ያው በረዶ ነው፣ ሁሉም አንድ ነው» ብላ ርካሹን ልትሸጥልን ነበር። አንድ አይደለም። ስልኩን ዘግተን ሌላ ፈለግን።

ሁለተኛው ነገር መነሻው ነው። ከሲያትል የሚነሱት መርከቦች ብዙውን ጊዜ ከቫንኩቨር ደሴት በስተምዕራብ፣ በውቅያኖሱ በኩል ነው የሚወጡት። ከካናዳዋ ቫንኩቨር ከተማ የሚነሱት ግን በደሴቱና በዋናው ምድር መካከል ባለው ጠባብ መተላለፊያ ያልፋሉ፤ ማዕበሉ ይቀንሳል፣ ጫካውም ከሁለቱም ወገን ቅርብ ነው። ለውበቱ ከሆነ ቫንኩቨር ይበልጣል። እኛ የአውሮፕላን ወጪ አስልተን ከሲያትል ተነሳን፣ ውቅያኖሱም ዋጋውን ተቀበለን። በመጀመሪያው ሙሉ ቀን መርከቧ ስትወዛወዝ እህቴ ከአልጋ አልተነሳችም። እማዬ ከሻይ ማቅረቢያው ሎሚ ቆርጣ አመጣችና አፍንጫዋ ላይ ይዛ «አሽትቺ፣ በአፍሽ አትተንፍሺ» እያለች አጠገቧ ተቀመጠች። የዋጠችው መድኃኒት ይሁን ሎሚው አላውቅም፣ ማታ ላይ ተነስታ እራት በላች።

ወረቀት ላይ ልምጣ፣ ምክንያቱም ብዙ ሐበሻ እዚህ ላይ ነው የሚቸገረው። አብዛኞቹ ትልልቅ መርከቦች የተመዘገቡት በሌላ አገር ነው፤ ባሃማስ፣ ቤርሙዳ፣ ፓናማ። በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ደግሞ የውጭ ባንዲራ ያላቸው መርከቦች የሌላ አገር ወደብ ሳይረግጡ ሰው ከአሜሪካ አሳፍረው እዚያው አሜሪካ እንዳያወርዱ ይከለክላል። ከሲያትል የሚነሱት መርከቦች ካናዳ ቪክቶሪያ ላይ ብቅ የሚሉት ለዚህ ነው። ስለዚህ ጉዞው «አላስካ» ቢባልም ካናዳ ትገባላችሁ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለካናዳ ቪዛ አያስፈልገውም፣ ግን ግሪን ካርዱና ጊዜው ያላለፈ የአገሩ ፓስፖርት አብረው መኖር አለባቸው። የእማዬ የኢትዮጵያ ፓስፖርት መሳቢያ ውስጥ ጊዜው ሊያልፍ ጥቂት ቀርቶት ነበር። አስቀድመን አሳደስነው። ጉዳያችሁ ገና በኢሚግሬሽን ላይ ከሆነ ጠበቃችሁን ሳታናግሩ ትኬት አትቁረጡ።

ክፍልን በተመለከተ፣ በረንዳ ያለው ክፍል ውድ ነው። ለእማዬ ስንል ወሰድነው፣ ብርድ ሲሆን በመስታወት እንድታይ። ለብቻዬ ብሆን ግን መስኮት የሌለውን ርካሽ ክፍል ይዤ ቀኑን ሙሉ ላይኛው ፎቅ እውላለሁ። ግግሩ ፊት ስትደርስ መርከቧ ቀስ ብላ ስለምትዞር በግራም በቀኝም ያለው ሰው እኩል ያያል። የቲፑን ነገርም አስቡበት፤ በሰው በቀን ከ15 ዶላር በላይ ይጨመራል። ዋይፋይ ለብቻው ነው፣ ከመርከብ ወርዶ የሚደረግ ሽርሽርም ለብቻው።

ወቅቱስ? ግንቦት ዝናቡ ያንሳል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ሰኔና ሐምሌ ሞቅ ይላል፣ ሰዉም ይበዛል። እኛ የሄድነው በሰኔ ነው፤ ጁኖ የምትባለው የአላስካ ከተማ ላይ ከምሽቱ አራት ሰዓት ፀሐይ ገና እየጠለቀች ነበር። እማዬ «ይቺ ፀሐይ አትተኛም እንዴ?» እያለች መጋረጃ ስትጎትት ነው የምታመሸው።

ሰኔ መሆኑ ሌላም ነገር አመጣ። የሐዋርያት ጾም ነው። ሳልመን በሚተራመስበት አገር እማዬ ዓሣ አትነካም። እህቴ «ዓሣ እኮ ችግር የለውም የሚሉ አሉ» ብላ ሞከረች፣ መልሱ አንድ ቃል ነበር፦ «ለእነሱ።» አስተናጋጃችን የፊሊፒንስ ልጅ ነበር፤ ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም እንደማትበላ ነገርነው። ከዚያ በኋላ ቡፌው ላይ ካለው የሕንድ ምግብ ምስርና ሩዝ ራሱ ያመጣላት ጀመር። እሷም ከቦርሳዋ ሚጥሚጣ አውጥታ ትነሰንስበታለች። ልጁ ቀምሶ እንባው መጣ። ከዚያ ወዲያ «ማማ» እያለ ነው የሚጠራት።

ከምንቆምባቸው ከተሞች ኬቺካን ዝናብ ነው። እዚያ በዓመት የሚጥለው ከአዲስ አበባ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው፣ ስለዚህ ጃንጥላ ሳይሆን ውሃ የማያስገባ ጃኬት ያዙ። ጁኖ የግዛቱ ዋና ከተማ ሆና በመኪና መንገድ አይደረስባትም፤ ወይ በአውሮፕላን ወይ በውሃ። ከወደቡ በአውቶቡስ ሜንደንሆል የሚባለው ግግር ዘንድ ይኬዳል። ያን ብቻ አይታችሁ ብትመለሱም ይበቃል።

ስካግዌይ የሚባለው ወደብ ላይ ግን ገንዘብ አውጡ። በ1898 ወርቅ ፈላጊው ሲጎርፍ መሥራት የጀመሩት፣ በ1900 ያለቀ ጠባብ የባቡር ሐዲድ አለ። ከባሕር ጠለል ተነስቶ በ20 ማይል ውስጥ ወደ 2,900 ጫማ ይወጣል። ስትወጡ በግራ በኩል ተቀመጡ፣ ገደሉ በዚያ ወገን ነው። ባቡሩ ከመሠራቱ በፊት ወርቅ ፈላጊዎቹ ይህን ተራራ የወጡት በእግር ነው፤ የካናዳ ፖሊሶችም የዓመት ስንቅ ያልያዘ አናስገባም ስላሉ ሰዎቹ አንድ ቶን የሚጠጋ ዕቃ እየተመላለሱ ተሸክመዋል። እማዬ መስኮቱ ላይ ተደግፋ ሰማችና «ወርቁን አገኙት?» አለች። አብዛኞቹ ባዶ እጃቸውን ነው የተመለሱት። «ተወው ታዲያ» ብላ ወደ ገደሉ ዞረች።

ግሌሸር ቤይ ላይ መርከቧ ወደብ አትይዝም፤ የምንሳፈፈው ቀኑን ሙሉ ነው። ጠዋት የፓርኩ ጠባቂዎች በትንሽ ጀልባ መጥተው በገመድ መሰላል ወደ መርከቧ ወጡ። አንዷ በድምፅ ማጉያ ታሪኩን ነገረችን። በ1794 የእንግሊዙ ካፒቴን ቫንኩቨር ሰዎች በዚህ ሲያልፉ ባሕረ ሰላጤው የለም ማለት ይቻላል፤ በረዶው እስከ አፉ ድረስ ሞልቶት ነበር። ዛሬ በረዶው 65 ማይል ወደኋላ ሸሽቷል። እኛ በመርከብ የሄድንበት ውሃ በሙሉ ያኔ በረዶ ነበር ማለት ነው። ቦታው ሁና የሚባሉት የትሊንጊት ሕዝቦች አገር ነው፣ ግግሩ ወደፊት ሲገፋ ነው መንደራቸውን ለቀው የወጡት።

ማርጀሪ የሚባለው ግግር ፊት ስንደርስ ሞተሩ ዝም አለ። ግድግዳው ነጭ ብቻ አይደለም፤ ስንጥቁ ውስጥ ሰማያዊ ነው፣ እግሩ ስር በጭቃ ጠቁሯል። አንድ ቁራጭ ተገምሶ ሲወድቅ አየን፣ ድምፁ ግን ውሃው ከተረጨ በኋላ ነው የደረሰን። እማዬ ጋቢዋን ተከናንባ የመርከቧን መደገፊያ ብረት ይዛ ቆማለች። ጎኗ ያሉ ፈረንጆች ግግሩን ትተው ጋቢውን ፎቶ ያነሳሉ። ብዙ ቆይታ «ይሄ ሁሉ ንጹሕ ውሃ ዝም ብሎ ባሕር ይገባል? እኛ ሰፈር እኮ በፈረቃ ነው» አለች። ምን ይመለስላታል።

በመጨረሻው ምሽት ቪክቶሪያ ደረስን። መርከቧ የምትቆመው ለጥቂት ሰዓት ነው፣ የመሸበትም ሰው ሮጦ ከተማ ገብቶ ይመለሳል። እኔና እህቴ ጫማ ስንቀይር እማዬ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ዳዊቷን ገልጣለች። «አትወርጂም?» አልኳት። ለምን እንደምንቆም ቀድሜ ነግሬያት ነበር። «ለሕጉ ብላ ነው የቆመችው አላላችሁም? ሕጉ ከመርከቧ ጋር ነው፣ እኔን ምን አገባኝ» አለችና መነጽሯን አደረገች። እኛ ወረድን፤ ከተማው ቆንጆ ነው፣ ብርዱ ግን አላስካን ያስንቃል።