ሳታሳፍረኝ አውጣኝ

ምስክርነት ሲባል ብዙ ጊዜ የምንሰማው ከበሽታ ስለ መዳን ነው። የኔ ከዱቤ ስለ መዳን ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል። በዱቤ ደብተር ልጅ ያሳደገ ሰው ግን ትንሽ እንዳልሆነ ያውቀዋል።

የምኖረው ደሴ ነው፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ። ባለቤቴ ካረፈ ቆይቷል። ልጄን ያሳደግኋት በአንዲት የእግር ሲንጀር ነው። የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ዓመት በዓል ሲደርስ የሐበሻ ቀሚስ ይመጣል። ሌላ ጊዜ ዚፕ መቀየር፣ ሱሪ ማሳጠር፣ ያገኘሁትን ሁሉ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እንደ ሰዉ ሁሉ ልጄን ይዤ ወጣሁ። ስንመለስ በሩ ተገንጥሏል። ሲንጀሯን ራሷን ፈትተው ወስደው የብረት እግሯን ትተውልኛል። ከባድ ሆኖባቸው ይሆናል።

ያኔ ማን ማንን ይረዳል? ቅሬያችን እንኳ ድንኳኑንና ብረት ድስቱን አጥቶ ነበር። ወሎን ለማያውቅ፣ ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። እስላም ክርስቲያን ሳንል አብረን እንቀብራለን፣ አብረን እንጽናናለን። እሱም ባዶ እጁን ቀረ።

እናም በዱቤ ኖርን። ሰፈራችን ውስጥ ሱቅ ያላቸው አንድ ሐጂ አሉ። ደብተራቸው ባለ ካሬ ነው፤ ለየቤቱ አንድ አንድ ገጽ አለው። የኔ ገጽ አናቱ ላይ በልጄ ስም «የእገሊት እናት» ይላል። ከሥሩ ሽሮ፣ ግማሽ ሊትር ዘይት፣ ሳሙና፣ እስክሪብቶ፣ እንደገና ሽሮ። ገጹ ሞልቶ ወደ ጀርባው ሲዞር ሐጂ ምንም አላሉኝም። እኔ ግን በሱቁ ፊት ማለፍ ትቼ በጓሮ መንገድ መዞር ጀመርኩ።

በዚህ መሃል እርዳታ መጣ ተባለና ተሰለፍን። ተራዬ ደርሶ ዘይቱን ስቀበል አንዱ ወጣት «እናት፣ ትንሽ ዝቅ አድርጊው፣ ፊትሽን ሸፈነው» አለኝ። ዝቅ አደረግሁት። ሌላው ስልኩን ደቅኖ «ምን ተሰማሽ?» አለኝ። ምን ይሰማኛል? «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩ፤ ከልቤም ነው። ዘይቱን በልተንበታል። ልጆቹም ክፉ አልነበሩም፤ ገንዘቡን ላዋጣው ሰው ማሳየት ይኖርባቸዋል። ብቻ ዘይቱ ያልቃል፣ ቪዲዮው አያልቅም። ብዙም ሳይቆይ የልጄ የክፍል ጓደኞች በፌስቡክ አዩኝ። ልጄ ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ ብርድ ልብሷን ተከናንባ ዋለች። ስለምናት ከውስጥ ሆና «ለምን ፈገግ አልሽላቸው?» አለችኝ።

የዚያን ለት ማታ የመድኃኔዓለም ሥዕል ፊት ቆምኩ። ረጅም ጸሎት አልወጣኝም። «አውጣኝ፤ ግን ሳታሳፍረኝ አውጣኝ» አልኩት። ስጠኝ ማለት ከበደኝ፤ መስጠቱንማ ዘይቱንም የሰጠኝ እሱ ነው። እኔ የፈለግሁት ገበናዬን እንዲሸፍንልኝ ነበር። ስለትም አልተሳልኩም። ምን ይዤ ልሳል?

በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተገጣጥመው ነበር። የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ ደሴ ቀኑን ሙሉ ጭር ብላ ትውልና ማታ ማታ ሳምቡሳው ሲጠበስ ነፍስ ትዘራለች። ታዲያ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሐጂ በልጃቸው አስጠሩኝ። አበቃ፣ ሊጠይቁኝ ነው አልኩ። ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ፤ በልቤ «እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ይታገሱኝ» የሚለውን እያጠናሁ።

ሐጂ ቴምር እየመዘኑ ነበር። ሚዛኑን ትተው ደብተሩን ገለጡና ወደኔ አዞሩት። ገጼ ከላይ እስከ ታች በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል። ግርጌው ላይ «ተከፍሏል» ይላል። ከሱ ቀጥሎ «ቀሪ» የሚል አለና ቁጥር ተጽፎበታል። ቀሪ ያለብኝ መስሎኝ ደነገጥኩ።

«ያለብሽ አይደለም፣ ያለሽ ነው» አሉኝ።

«ማነው ሐጂ?»

«አብሽሪ። አደራ ነው።»

«ወንድ ነው ሴት?»

«ወላሂ አልነግርሽም። አደራ በላ ልታደርጊኝ ነው?»

ቀሪ የተባለው ገንዘብ ያገለገለ የሲንጀር ራስ ይገዛል። ያ ሰው መልእክትም ትቷል፤ «እግሩ አላት፣ ራሱን ትግዛበት» ብሏል አሉኝ። እግሩ መቅረቱን ማን ያውቃል? ቤቴ የገባ ሰው ነው፣ ወይ ቤቴ ከገባ ሰው የሰማ። ይሄ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።

ልቤ አላርፍ ሲል እንደገና ሄጄ ሐጂን ያዝኳቸው። እሳቸውም ተቀመጪ አሉኝና እንዲህ አሉ፦ «በኛ ሃይማኖት፣ ከአላህ ጥላ በቀር ጥላ በሌለበት ቀን ጥላ የሚያገኙ ሰባት ዓይነት ሰዎች አሉ። አንዱ፣ ቀኝ እጁ ያወጣውን ግራ እጁ እስከማታውቅ ድረስ ደብቆ ሰደቃ የሰጠ ነው።»

«በኛም እኮ ጌታ ‹ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ› ብሏል፤ ማቴዎስ 6 ላይ» አልኳቸው።

«እንግዲያው ምን ትጠይቂኛለሽ?»

መልስ አጣሁ። የአክስቴን ልጅ ግን ጠርጥሬ ነበር፤ ጅዳ ናት። በኢሞ ደወልኩላት። «አንቺ ነሽ አይደል?» ስላት «የምን እኔ? ማዳሜ ደሞዜን ይዛብኝ እኔው ልደውልልሽ ነበር!» አለችኝ። ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን። ከዚያ ወዲህ መፈለጉን ተውኩት።

ሳስበው ሁለት ነገር ይገርመኛል። አንዱ ቆርኔሌዎስ ነው። በሐዋርያት ሥራ 10 መልአኩ ጸሎትህና ምጽዋትህ ለመታሰቢያ እንዲሆን በእግዚአብሔር ፊት አረገ ይለዋል። የሱ ጸሎቱም ምጽዋቱም የአንድ ሰው ናቸው። የኔ ግን ጸሎቱ የኔ ነው፣ ምጽዋቱ የማላውቀው ሰው። አብረው የወጡ ይመስለኛል። ያ ሰው የጸለይኩትን አልሰማም፤ እኔ ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩትም። የሰጠበት መንገድ ግን ልክ የጸለይኩት ነው። ገንዘቡማ በሌላ መንገድም ሊመጣ ይችል ነበር። እኔ የጌታን እጅ ያየሁት በአመጣጡ ነው።

ሁለተኛው የሐዋርያት ሥራ 5 ላይ ያሉት ባልና ሚስት፣ ሐናንያና ሰጲራ ናቸው። ታሪኩን ስሰማ መሬታቸውን ሸጠው ከዋጋው በማስቀረታቸው የተቀጡ ይመስለኝ ነበር። ጴጥሮስ ግን ሳትሸጠው ያንተ አልነበረም ወይ፣ ከሸጥኸውስ በኋላ በሥልጣንህ አልነበረም ወይ ነው የሚለው። ግማሹን ይዘን ግማሹን አመጣን ቢሉ ማንም አይነካቸውም። እነሱ ግን ሁሉን የሰጠ ሰው ስም በከፊል ዋጋ ሊወስዱ ፈለጉ።

በቤተ ክርስቲያን ማይክ ተይዞ የሰጪ ስም ሲጠራ አፉን የሚያጣምም ሰው አለ። እኔ እሱ ውስጥ የለሁበትም። መስከረም 21 ግሸን ወጥታችሁ ታውቁ ይሆናል። ልጅ አጥታ የኖረች ሴት ልጇን አዝላ፣ የተሳለችውን ጃንጥላ ይዛ «ስለቴ ሰመረ» ስትል የማያለቅስ የለም። እሷ ምስጋና ነው ያመጣችው። ምስጋና ምን ይደብቀዋል? ለሕንፃ የሚሰጠውም ቢሆን ካርኒ ይቆረጥለት እንጂ። ካርኒ መቁረጥና ማቴዎስ 6 እንደሚለው ለታይታ መለከት ማስነፋት ለየቅል ናቸው። የኔ ነገር ድሃው ራሱ መለከት ሲሆን ነው። ሰጪው ስሙን መደበቅ ባይሆንለት የተቀባዩን ፊት ይደብቅለት። ልጅ አላት። ልጅቷም ትምህርት ቤት ትሄዳለች።

ከፋሲካ በኋላ ለነፍስ አባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። ያን ሰው በጸሎት እንዲያስቡልኝ ለመንኳቸው።

«ስመ ክርስትናው ማነው?» አሉኝ።

«አላውቅም አባቴ።»

«የዓለም ስሙስ?»

«እሱንም አላውቅም። እንዲያውም ክርስቲያን ይሁን እስላም አላውቅም። የዐቢይ ጾም ምጽዋት ይሁን የረመዳን ሰደቃ ሐጂ ብቻ ናቸው የሚያውቁት።»

አባ መስቀላቸውን እንደያዙ ሳቁ። «ወሎ ሆነሽ ቀረሽ እኮ! በይ፣ አንቺ በቤትሽ ጸልይለት፤ የማን እንደሆነ አድራሻውን እግዚአብሔር ይፈልገው» አሉኝ።

እንዳሉኝ አደርጋለሁ። ልጄም ትምህርቷን አላቋረጠችም። ሲንጀሯ ራሷ አረንጓዴ፣ እግሯ ጥቁር ሆና ቁጭ ብላለች፤ ዓይን ባትስብም ክር አትበጥስም። ነሐሴና ጳጉሜን ላይ ዩኒፎርሙ ስለሚበዛ እስከ እኩለ ሌሊት ትጮኻለች፣ ጎረቤቶቼም ችለውኛል። በሐጂ ሱቅ ፊት ለፊት አልፋለሁ፣ አንዳንዴም ቆሜ አወራለሁ። ባለፈው ክረምት ከሐጂ ጋር ስለ ዩኒፎርም አንድ ነገር ተነጋግረናል። ስለሱ ግን አልጽፍም።