በርበሬ ነው ተባልኩ

ሰሞኑን በርጫ ላይ፣ ጫት እየቃምን፣ ተጣላን። ተጣላን ስል የድሬ ጥል ነው አቦ። ጮኽን፣ ተሰዳደብን፣ ከዚያ የሰደበኝ ሰው ራሱ ሻይ ቀዳልኝ።

ነገሩን ያመጣው አንዱ ልጅ ስልኩ ላይ የከፈተው ቪዲዮ ነው። ፈረንጅ ቱሪስት ነው፣ የሰው አገር ሄዶ ሕግ ጥሶ ተይዟል፣ ፍርድ ቤት ቆሞ ያለቅሳል። ምን እንዳጠፋ እንኳ በቅጡ አልሰማንም። ለመፍረድ ደግሞ ማን ይሰማል? ግማሹ ቤት "ይበለው!" አለ፣ ግማሹ "ለዚች ነው ይሄ ሁሉ ዓመት?" አለ፣ በቃ ተጀመረ።

እኔ ድሮ ቢሆን ከ"ይበለው" ወገን ነበርኩ። ምክንያቴም ቀላል ነበር። ሐረር ሄደህ የሐረሪ ቤት ስትገባ ጫማህን ታወልቃለህ። ነደባው ላይ፣ መደቡ ላይ ማለቴ ነው፣ እንኳ የት እንደምትቀመጥ ደረጃ አለው፣ ባለቤቱ ያሳይሃል፣ አንተም ዝም ብለህ ትቀመጣለህ። "እኛ ቤት እንዲህ አይደለም" የሚል እንግዳ ገጥሞኝ አያውቅም። አገርም ያው የሰው ቤት ነው፣ የፈለጉትን ሕግ ቢያወጡ ምን አገባህ፣ እል ነበር።

ሁሌ የምጠቅሳትም ሲንጋፖርን ነበር። ወሬዋን ሁሉም ያውቃል፣ ማስቲካ ያኘከ ይገረፋል ይባላል። (ውሸት ነው በነገራችን ላይ። የተከለከለው ማስገባቱና መሸጡ ነው፣ ከ1992 ጀምሮ በፈረንጅ። ከ2004 ወዲህ ደግሞ ለሕክምና የሚሆነው ዓይነት በፋርማሲ ይሸጣል። ለማስቲካ የተገረፈ የለም።) የተገረፈው ማይክል ፌይ ነው። 1994 ላይ የ18 ዓመት ልጅ ነበር፣ አሜሪካዊ፣ ቱሪስት እንኳ አይደለም፣ ከእናቱ ጋር እዚያው ይኖር ነበር። የሰው መኪና ላይ ቀለም ረጭተሃል፣ የተሰረቀ የመንገድ ምልክትም ተገኝቶብሃል ተባለ። 4 ወር እስራት፣ 3,500 የሲንጋፖር ዶላር መቀጮ፣ እና 6 ዱላ ተፈረደበት። የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ቢል ክሊንተን ራሱ ለመነለት። 6ቱ ዱላ 4 ሆነ።

ይሄን ሳወራ በርጫው ሁሌ ይስቃል። "4 ዱላ? እኔን እናቴ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ ስዋኝ ያዘችኝ ቀን 4 ዱላ ቁርሴ ነበር" ይላል አንዱ። እኔም እስቅ ነበር። በኋላ ነው ያ ዱላ ምን እንደሆነ ያነበብኩት። ውሃ ውስጥ የተዘፈዘፈ ረዥም የራታን በትር ነው፣ የሚመታውም ለዚሁ ሥራ የሰለጠነ ሰው ነው፣ በባዶ መቀመጫ ላይ፣ ቆዳ ይሰነጥቃል። የእናት ዱላ አይደለም። እናት ስትመታ ታለቅሳለች።

ግን ሐሳቤን የቀየረው ማንበብ አይደለም። የቀየረው አንድ ፌስታል ነው።

እኔ ድሬ ውስጥ ከዚራ አካባቢ የስልክ ዕቃ እሸጣለሁ። ቻርጀር፣ ኮቨር፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር። የዛሬ ጥቂት ዓመት ዕቃ ላመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዱባይ ልሄድ ነው። ሰፈር ሰማ። ድሬ ውስጥ ቪዛህ ከመውጣቱ በፊት ጎረቤት ይሰማል፣ እንዴት እንደሚሰሙ አላህ ይወቀው። ልሄድ ሦስት ቀን ሲቀረኝ አንዲት ጎረቤታችን፣ አዴ ልበላቸው፣ ስም አልጠራም፣ ፌስታል ይዘው መጡ። "ልጄ፣ ለወንድምህ በርበሬ አድርስልኝ፣ የአረብ ምግብ አልፈው አለ።" ልጃቸው እዚያ ይሠራል። አዴ ደግሞ እናቴ ታማ ሳለ ሁለት ወር ሙሉ ገንፎ ያመላለሱ ሴት ናቸው። እምቢ ይባላል?

ፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል፣ እሱ ውስጥ ደግሞ በክር የተሰፋ ጨርቅ። አልከፍተውም ነበር፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ያስከፈተኝ የእህቴ ባል ነው፣ ሹፌር ነው፣ ጅቡቲ ስለሚመላለስ ጉምሩክ ያውቃል። "ያልቋጠርከውን አትሸከም" አለኝና ክሩን በምላጭ በጠሰው። ከላይ በርበሬ፣ ቀይ፣ የሚያስነጥስ፣ በጣም ጥሩ በርበሬ። ከሥር ደግሞ ሌላ ቋጠሮ። ውስጡ ደርቆ የደቀቀ ጫት፣ ኪሎ የማይሞላ።

እግሬ ከዳኝ።

አዴ ጋ ይዤው ሄድኩ። ምንም አልደነገጡም። "ቅጠል ነው እኮ! ሐሺሽ አደረግከው እንዴ? ደግሞ ደረቅ ነው፣ ምርቃናም የለው።" ወላሂ በእሳቸው ዓይን ካየኸው ልክ ናቸው። እዚህ ጫት ማለት የደጅ ነገር ነው። አወዳይ ሌሊቱን ሙሉ ሲሸጥ ያድራል፣ ጅቡቲ ቀን በቀን ይሄዳል፣ ገበሬው ቆርቆሮ የሚመታበት፣ ልጅ የሚያስተምርበት፣ መንግሥት ቀረጥ የሚሰበስብበት ነው። ሰርግ ላይ አለ፣ ለቅሶ ላይ አለ። ጠዋት ቀፊራ ገበያ ወርደህ ከሽንኩርት ጋር የምትገዛው ነገር ሌላ አገር ዓመታት ያሳስራል ብትላቸው እንዴት ይግባቸው?

ግን ያሳስራል። ጫት ራሱ ቅጠሉ በዓለም አቀፍ ሕግ የተዘረዘረ አይደለም። ውስጡ ያሉት ካቲኖንና ካቲን የሚባሉት ንጥረ ነገሮች ግን በ1971ዱ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ውስጥ ገብተዋል፣ ቅጠሉን ምን ላድርገው የሚለውን እያንዳንዱ አገር በራሱ ይወስናል። አሜሪካ ካቲኖንን ከሄሮይን እኩል መደብ ውስጥ አስቀምጣዋለች። ሳዑዲም ኤምሬትስም ክልክል ነው። በጣም የሚገርመኝ የለንደኑ ነው። እስከ 2014 ድረስ ጫት በካርቶን ተጭኖ ሄትሮው አየር ማረፊያ ይገባ ነበር፣ ግብርም ይከፈልበት ነበር፣ የእኛም የሶማሌም ልጆች ቁጭ ብለው ይቅሙ ነበር። ሰኔ 24፣ በፈረንጅ፣ ሕጉ ሥራ ላይ ዋለ። ያው ቅጠል፣ ያው ሰው፣ ያው ወንበር። ማታ ቃሚ፣ ጠዋት ወንጀለኛ።

ሐረር ጀጎል ውስጥ አስጎብኚ የሆነ ጓደኛ አለኝ። እሱ ይሄን ነገር ከዚያኛው ጫፍ ያየዋል። አንዴ አሜሪካዊ እንግዳው ማታ ጅቦቹ ሲመገቡ አይቶ፣ በማግስቱ አወዳይ ሄዶ አንድ ዙርባ ጫት ገዛና "ለጓደኞቼ ማሳያ እወስዳለሁ" አለው። "ወንድሜ፣ እዚሁ ቅመህ ጨርስና ሂድ፣ ገራባውን፣ ርዝራዡን እንኳ ሻንጣህ ላይ እንዳታራግፍ" ብሎ አስጣለው። የቆየ የእጅ ጽሑፍ ወይም የድሮ ቅርስ ልግዛ የሚልም አይጠፋም፣ ያኔ ደግሞ ቦሌ ላይ የሚይዘው የእኛው ሕግ ነው። ድሮን ያለ ፈቃድ ይዘው መጥተው አየር ማረፊያ ጥለው የሚገቡም አሉ። "አላወቅኩም" እኛም ጋ ብዙ አያዋጣም። በእኛ አቆጣጠር የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 81 ሕግን አለማወቅ መከላከያ አይሆንም ይላል፣ ብቻ ዳኛው በቂ ምክንያት ካየ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል።

እኔ የምወደው ያቺን ብቻ የምትለዋን ነው።

ምክንያቱም ያን ቀን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስልኬን ይዤ የሰው ታሪክ ሳነብ አደርኩ፣ አብዛኛው "ብቻ" የሌለበት ነው። አንድ እንግሊዛዊ ዱባይ አየር ማረፊያ ላይ ጫማው ሥር 0.003 ግራም ካናቢስ ተጣብቆ ተገኝቶበት 4 ዓመት ተፈረደበት፣ በኋላ በይቅርታ ወጣ። 0.003! አንዲት እንግሊዛዊት ደግሞ ለወዳጇ የወገብ ሕመም ብላ 290 ፍሬ ትራማዶል የሚባል የሕመም ማስታገሻ ይዛ ግብፅ ገባች፣ 3 ዓመት። አሜሪካዊው ተማሪ ኦቶ ዋርምቢየር ሰሜን ኮሪያ ሆቴል ውስጥ የፕሮፓጋንዳ ፖስተር ሊሰርቅ ነበር ተብሎ 2016 ላይ 15 ዓመት ከባድ ሥራ ተፈረደበት፣ በዓመቱ ራሱን ሳያውቅ ለቤተሰቡ ተመለሰ፣ በቀናት ውስጥ ሞተ። 22 ዓመቱ ነበር።

ከሁሉ ያልወጣልኝ ግን የቫን ቱዎንግ ንጉየን ነገር ነው። አውስትራሊያዊ ነው። ከካምቦዲያ ወደ አገሩ ሲመለስ ሲንጋፖር ላይ አውሮፕላን ሊቀይር ብቻ ነው የወረደው። ወደ 396 ግራም ሄሮይን ይዟል። እዚያ ከ15 ግራም በላይ የሞት ቅጣት ነው፣ ያን ጊዜ ዳኛው ሌላ ምርጫ አልነበረውም። የመንትያ ወንድሜን ዕዳ ልከፍል ብዬ ነው አለ። ታኅሣሥ 2 ቀን 2005፣ በፈረንጅ፣ በ25 ዓመቱ ተሰቀለ። ልጁ ጥፋተኛ ነው፣ አይደለም አላልኩም። ሄሮይን ስንቱን ቤት እንደሚያፈርስም አውቃለሁ። ግን እኔ "ይበለው" ስል የነበረው ለዚህ ነበር ወይ? ሕጉ የእነሱ ነው ማለትና ቅጣቱ ልክ ነው ማለት ሁለት ነገር ነው፣ እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት አንድ አድርጌ ሳወራ ኖርኩ።

ሌላም ነገር ታየኝ። እነዚህ ሁሉ ስማቸው የታወቀው ጠሪ ስላላቸው ነው። ክሊንተን ለምኖ የቀነሰው ሁለት ዱላ ነው፣ ግን ለመነ። አሜሪካዊቷ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ብሪትኒ ግራይነር 2022 ላይ ሞስኮ አንድ ግራም በማይሞላ የካናቢስ ዘይት 9 ዓመት ተፈርዶባት በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ቪክቶር ቡት በሚባል የጦር መሣሪያ ነጋዴ ተለውጣ ወጣች። እኔ ብያዝ በማን ልለወጥ ነው? በአረብ አገር እስር ቤት ያሉትን የእኛን ልጆች ስም ማን ያውቃል? በ1963ቱ የቪየና ስምምነት አንቀጽ 36 መሠረት የታሰረ የውጭ ዜጋ ከጠየቀ ለቆንስላው ሊነገርለት ይገባል፣ ይሄን ማወቅ ጥሩ ነው፣ ስትያዝ መጀመሪያ የምትለው "ቆንስላዬን ጥሩልኝ" ነው። ግን ቆንስላ ይጠይቅሃል፣ ለቤተሰብ ይነግርልሃል፣ ጠበቃ ይጠቁምሃል እንጂ አያስፈታህም። ያልተረዳህበትን ወረቀት ደግሞ እንዳትፈርም፣ አስተርጓሚ ጠይቅ። የራስህን መድኃኒት ከያዝክ ከነማሸጊያው፣ ከነሐኪም ማዘዣው ይሁን፣ እሱም ቢሆን የምትሄድበት አገር መፍቀዱን አስቀድመህ አይተህ።

በርጫው ላይ ይሄን ሁሉ አልተናገርኩም፣ ማን ያስጨርሰኛል። "ሰው ሲያለቅስ አትሳቁ" ብቻ ነው ያልኩት፣ ለሱ ነው የተሰደብኩት።

አዴ ለሁለት ወር ሰላምታዬን በግንባራቸው ብቻ ነበር የሚመልሱት። በርበሬውን ግን ወሰድኩላቸው፣ በወንፊት አስነፍቼ፣ በአዲስ ፌስታል። ልጃቸውን ዱባይ፣ ዴራ ሰፈር ላይ አገኘሁት፣ ከሥራ ወጥቶ፣ ፊቱ ሰልሎ። ተቃቀፍን። ፌስታሉን ተቀበለኝና ገና ቆመን ሳለ ፈታው፣ አሸተተው፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

"ሌላ ነገር የለም?"

"የለም።"

አላመነኝም መሰለኝ፣ እጁን እስከ አንጓው በርበሬው ውስጥ ከትቶ ታቹን ዳሰሰ። ሲያወጣው ጣቶቹ ቀልተዋል።

"እጅህን ሳትታጠብ ዓይንህን እንዳትነካ" አልኩት።